1,245 ሜትር ብቻ ነው ብለሽ አትናቂው

አንዲት የጅማ ልጅ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ጋሼ፣ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። መስከረም ላይ ለማስተርስ ስኮትላንድ፣ አበርዲን እሄዳለሁ። የዩኒቨርሲቲው የተራራ ክበብ ጥር ላይ ኬርንጎርም የሚባል ተራራ ይወጣል አሉኝ። በረዶም ማዕበልም አለ ይላሉ። ከፍታውን ሳየው 1,245 ሜትር ነው። ጅማ ራሷ 1,780 አካባቢ አይደለች እንዴ? እኔ የጅሬንን ዳገት በሐምሌ ዝናብ በእግሬ እወጣለሁ። እማዬ ግን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሄድኩስ ምን ልልበስ? ማዕበል ቢነሳ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ «ሂጂ» ነው። ግን የመጀመሪያ ጉዞሽ ማዕበል በተተነበየበት ቀን አይሁን። ረጅሙ መልስ ከዚያችው ከ1,245 ይነሳል። እኔ በበረዶ ወቅት ሰው ተራራ ላይ መምራት የተማርኩት እዚያው ኬርንጎርም ላይ ነው። አሁን ጅማ ነኝ። ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሸወደው በዚህ ቁጥር ነው። አይፈረድበትም። 1,780 ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው 1,245 ሲሉት ቁልቁል የሚወርድ ነው የሚመስለው።

እኛ ከፍታን የምንለካው በትንፋሽ ነው። የባሌው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ አየሩ ይሳሳል። ራስ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል። ኬርንጎርም ላይ ይህ የለም፤ ሳንባሽ ምንም አይታወቀውም። እዚያ ሰው የሚጥለው ነፋሱ፣ እርጥበቱና የቀኑ ማጠር ነው። ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ኬርንጎርም ያለው ደግሞ 57ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሳው ወጀብ ስኮትላንድን በቀጥታ ያገኛታል። የተራራው አናት ደግሞ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ድንጋይና በረዶ ብቻ። የሚያስጠጋ ነገር የለም።

ቁጥሩን ላሳይሽ። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ተራራው ሥር ያለችው አቪሞር 4 ዲግሪ ብትሆን አናቱ ላይ ከዜሮ በታች 3 አካባቢ ይሆናል። ይህ ብቻውን አያስፈራም። በዚያ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ጨምሪበት። ያኔ ፊትሽ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ነው። በዚያ ተራራ ደግሞ በበረዶ ወቅት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ የተለመደ ነገር ነው። በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 1986 ኬርንጎርም አናት ላይ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ነፋስ ተመዝግቧል። የብሪታንያ ክብረ ወሰን ነው።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር ልብ በይ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋሽ ጉልበት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ነፋስ እየተሳሳቅሽ ትሄጃለሽ። በ60 ትንገዳገጃለሽ። ከ80 አልፎ ሲመጣ ድንገት ጥሎሽ ያልፋል፤ ሁለቱን እግርሽን አንድ ላይ ያነሳዋል። ያ የሚሆነው ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞ ነፋሱ ብቻውን አይመጣም። የላላውን በረዶ ከመሬት እያነሳ ፊትሽ ላይ ይወረውረዋል። ዓይን መግለጥ አይቻልም። ከአጠገብሽ ያለው ሰው ሲጮህ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ እንጂ ድምፁ አይደርስሽም። ካርታ ከኪስሽ አውጥተሽ ልትዘረጊ ስትይ ከእጅሽ ይነጠቃል። ጓንትሽን «ለአንድ ደቂቃ» ብለሽ አውልቀሽ ከጎንሽ ብታስቀምጪው የለም፣ ሄዷል።

እርጥበቱ ደግሞ ከነፋሱ ጋር የሚሠራ ነው። ስኮትላንድ እንደ ሳይቤሪያ ደረቅ ቅዝቃዜ የላትም። የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዙሪያ ይዋልላል። ጠዋት ታች ካፊያ ነው፣ ወገቡ ላይ ስትደርሺ በረዶ የተቀላቀለበት ውሽንፍር፣ አናቱ ላይ ጠጣር በረዶ። ስለዚህ ከላይ እየበሰበስሽ ወደ ቅዝቃዜው ትወጫለሽ። ውሃ ደግሞ የሰውነት ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ መንገድ ይወስዳል። የራስ ላብም ያው ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ቢያበሰብስሽ ቤት ገብተሽ ልብስ ቀይረሽ ቡና ትጠጫለሽ። እዚያ ቤቱ ሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል።

እንግዲህ ልብሱ። ጥጥ የሆነ ነገር ሁሉ ቤት ይቅር። ጂንስ፣ ቲሸርት፣ ሁዲ፣ የጥጥ ካልሲ። አዎ፣ ጋቢሽም። ጋቢ ቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ውሃ ከጠጣ ግን ሙቀት መስጠቱን ትቶ ሙቀት ይቀበልሻል። ከገላሽ ጋር የሚነካካው ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። በላዩ ወፈር ያለ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ ሰው ሠራሽ ሹራብ። ከሁሉም በላይ ነፋስም ውሃም የማያስገባ ባለኮፍያ ጃኬትና ሱሪ። ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ስትቆሚ የምትደርቢው አንድ ወፍራም ጃኬት። ሹራቡንና ፍሊሱን እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሳልባጅ ተራ ፈልጊ። በርካሽ ታገኛለሽ፤ ብዙው ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ ወደ አገሩ ትመልሽዋለሽ። የውጪውን ጃኬት ግን እዚህ አትግዢ። ፕላስቲኩ የዝናብ ልብስ አንድ ጊዜ ነፋስ ሲይዘው ይተረተራል።

ጓንት ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ጥንድ ያዢ። ቢያንስ አንዱ ለየጣቱ ያልተከፈለ፣ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ዓይነት ይሁን፤ ሙቀቱ እሱ ነው። እጅ ከቆፈነ ሁሉም ነገር አበቃ። ዚፕ መዝጋት፣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ ፔርሙዝ መክፈት፣ ስልክ መደወል አትችዪም። ሰው «ብርዱ አሸነፈኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ በጣት ተጀምሮ ነው።

ለእግርሽ ሶሉ የማይተጣጠፍ ጠንካራ ቦት ያስፈልግሻል። ክራምፖን የሚባለው የብረት ጥርስ ከሥሩ የሚታሰረው እንደዚህ ባለ ጫማ ላይ ብቻ ነው። በእጅሽ የበረዶ መጥረቢያ ትይዣለሽ። እነዚህን ክበቦች ብዙ ጊዜ ያውሳሉ፣ ካልሆነም ይከራያሉ። ስለዚህ ገንዘብሽን አታባክኚ። ግን መያዝና መጠቀም ለየቅል ናቸው። ወድቀሽ መንሸራተት ስትጀምሪ መጥረቢያውን ደረትሽ ሥር አድርገሽ በክብደትሽ በረዶው ውስጥ መትከል አለብሽ። ይህ ተረጋግቶ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ ፍጥነት ከያዝሽ የሚያቆምሽ የለም። በአጭርና ከታች ሜዳ ባለው ቁልቁለት ላይ በሆድም በጀርባም እየተንሸራተቱ ደጋግመው ያስተምሩሻል። ያንን ሳትማሪ አናት አትውጪ።

የቀኑ ማጠር ጅማ ላይ ሆኖ የሚገመት አይደለም። እኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን አለን። እዚያ በጃንዋሪ አጋማሽ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ትወጣና 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ይህም ደመና ከሌለ ነው። ተራራ ወጪዎች የጉዞ ሰዓት የሚያሰሉበት በፈረንጆቹ ከ1892 ጀምሮ የመጣ የኔይስሚዝ ሕግ አለ። 5 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ይጨመራል። 12 ኪሎ ሜትር መንገድና 600 ሜትር ዳገት ቢሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ነው ማለት ነው። ይህ በረዶ በሌለበት ወቅት፣ ያለ ዕረፍት ነው። እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ እጥፉን ቁጠሪ። እንግዲህ ሰባት ሰዓት መንገድ፣ ሰባት ሰዓት ከምናምን ብርሃን። ትርፍ የለውም። የግንባር ባትሪ ከነትርፍ ድንጋዩ የሚያዘው «ምናልባት» ተብሎ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተራራ ላይ ሰው የሚድነው በጉብዝናው ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት ቤቱ ቆርጦ በመነሳቱ ነው። አናቱ ቢቀርብም ባይቀርብም «7 ሰዓት ላይ እንመለሳለን» ብላችሁ ትነሳላችሁ። ወይም «ነፋሱ ሁለት ሰው ከጣለ እንመለሳለን»። ከላይ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ አይታመንም፤ ጭንቅላትም ይበርደዋል። ደግሞ ይሉኝታ አለ። እኛ ሐበሾች በዚህ ጎበዞች ነን። እኔ ነኝ የማዘገያቸው፣ ስለ እኔ ብለው ይመለሱ እንዴ፣ አያሳፍርም ወይ... እያልን እንበርዳለን። አታድርጊው። «በረደኝ» ማለት እዚያ ነውር አይደለም፣ ለቡድኑ የሚሰጥ መረጃ ነው።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ኖቬምበር 1971 ከኤድንብራ የመጡ ስድስት የ15 ዓመት ተማሪዎች ከሁለት መሪዎች ጋር በዚሁ በኬርንጎርም አምባ ላይ በማዕበል ተያዙ። አምባው ላይ አንዲት ትንሽ መጠለያ ነበረች፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ነበር ሐሳባቸው። አልደረሱባትም። ሜዳ ላይ በበረዶው ውስጥ ሁለት ሌሊት አደሩ። አምስት ልጆችና ረዳት መሪዋ በቅዝቃዜ ሞቱ። አንድ ተማሪና ዋናዋ መሪ ተረፉ። ከዚያ በኋላ በአምባው ላይ የነበሩት መጠለያዎች ብዙ ክርክር ተደርጎባቸው ፈረሱ። የአፍራሾቹ ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፦ መጠለያ አለ ብሎ የሚያምን ሰው መመለስ ሲገባው ወደፊት ይቀጥላል፤ በማዕበል ውስጥ ደግሞ በረዶ የዋጠውን ትንሽ ጎጆ ማግኘት አይቻልም። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው «እዚያ ላይ መጠለያ አለ» ብሎ ቢያጽናናሽ አትጽናኚ።

ማዕበሉ ግን ቀድሟችሁ ቢነሳስ? መጀመሪያ ገና ሰማዩ ሲጠቁር፣ ዓይን ሳይጋረድ፣ ሁሉንም ልበሺ፣ ብዪ፣ የት እንዳላችሁ ካርታ ላይ አረጋግጡ። ሦስቱም ከአሥር ደቂቃ በኋላ አይቻሉም። ከዚያ ውረዱ። ሲታቀድ ጀምሮ መመለሻው ነፋሱን ከጀርባ የሚያደርግ ቢሆን ግማሽ ዕዳ ተከፈለ። ጉሙና በረዶው አንድ ላይ ሲሆኑ ሰማይና መሬት ይደባለቃል፤ ወተት ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። ከእግርሽ ሥር ያለው ዳገት ይሁን ቁልቁለት አይለይም። ሰው ቆሞ እያለ የሚሄድ መስሎት የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ያኔ ዓይንሽን ተዪውና ኮምፓሱን እመኚ። አንዱ ከፊት ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው ኮምፓስ ይዞ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ይለዋል። ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ የሠራው የበረዶ ከንፈር ይኖራል፤ ከላይ ሲታይ መሬት ነው፣ ሥሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ከአፋፍ ራቁ። ማንም ሰው ብቻውን አይቅደም፣ ብቻውን አይቅር።

ዕረፍት ካስፈለገ መሬት ላይ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። በቡድኑ መሪ ቦርሳ ውስጥ የምትታጠፍ ቀላል የጨርቅ መጠለያ ሊኖር ይገባል። ሁሉም ቦርሳውን ሥሩ አድርጎ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ጨርቁን ከላይ ይደፋል። ምሰሶ የለውም፤ የሰዎቹ ጀርባ ነው የሚወጥረው። ውጪ ነፋሱ እያጓራ ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በትንፋሽ ይሞቃል፤ ሻይ ይቀዳል፣ ቀልድ ይመለሳል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ምግብ ደግሞ የአገር ቤቱ ዓይነት ይሁን። ጭኮ በማር፣ በሶ ጭብጥ ጭብጥ ተደርጎ፣ ዳቦ ቆሎ። በጓንት እጅ የሚያዝ፣ ቅቤው ጉልበት የሚሰጥ። የፈረንጆቹ ቸኮሌት በዚያ ቅዝቃዜ ጥርስ ይሰብራል።

ብርድ ሰው ሲጎዳ ምን ይመስላል? የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ችግሩ ተጀምሯል። መጀመሪያ ያንዘፈዝፋል። ጥሩ ነው፤ ሰውነት እየታገለ ነው። ከዚያ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ምላሱ ይኮላተፋል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ጓንቱ ሲወድቅ አያነሳውም። ወሬኛ የነበረው ጓደኛሽ ዝም ካለ ጠርጥሪ። መንዘፍዘፉ ሳይሞቀው ካቆመ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 32 ወርዶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ እዚህ ደረጃ ሲደርስ «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ያወልቃል። እንዳትሰሚው።

ያኔ ከነፋስ አስጥሉት። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ ከሥሩ ቦርሳና ገመድ አንጥፉለት። ከላይ የሚለበሰውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ቅዝቃዜው በመቀመጫ በኩል እንደሚገባ ግን ይረሳል። በደንብ የሚያወራና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን አታሹት። አረቄ በፍጹም። «ትንሽ ብትጎነጭ ያሞቅሃል» የሚለው አገር ቤትም አለ፣ ስኮትላንድም በዊስኪ አለ። የሚያሞቀው ቆዳን ነው፤ የቆዳ ደም ሥር ስለሚከፍት ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጪ ይለቀዋል።

የበረዶ ናዳን ባጭሩ ልንገርሽ፤ ይህ የመሪው ሥራ ነው። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ፣ ነፋስ በረዶውን ተሸክሞ ባራገፈበት በኩል ነው። የስኮትላንድ የበረዶ ናዳ መረጃ አገልግሎት በበረዶው ወራት ለኬርንጎርም በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይመድበዋል። ዋዜማው ማታ አንቺም አንብቢው። ለተራራው አናት ተብሎ የሚወጣ የአየር ትንበያም አለ፤ ስልክሽ ላይ ያለው የከተማው ነው፣ አይጠቅምሽም።

እርዳታ መጥራት ካስፈለገ 999 ወይም 112 ደውለሽ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ትያለሽ። ክፍያ የለውም፤ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ድምፅ ካልሠራ በጽሑፍ መልእክት 999 ማግኘት ይቻላል፤ ግን ስልክሽን ቀድመሽ ማስመዝገብ አለብሽ፣ አበርዲን እንደገባሽ ጨርሺው። ኔትወርክ ከሌለ ፊሽካ ንፊ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና ስድስት። በባትሪም እንደዚያው። ስልኩን ከገላሽ አጠገብ ያዢው፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ለክበቡ መሪ ምን ልበል ካልሽኝ፣ በበረዶ ወቅት ሰው የመምራት ሥልጠና አለህ ወይ በይው። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንመለሰው? አየሩ ከተበላሸ ሌላ ዕቅድ አለ? መጥረቢያና ክራምፖን የምንለማመድበት ቀን ከዚያ በፊት አለ? ጥሩ መሪ በእነዚህ ደስ ይለዋል። «ኧረ አታካብጂ፣ ይመቻል» የሚል ከሆነ ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ሂጂ።

እስከዚያ ጅማ ውስጥ የምትሠሪው አለ። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ እንደሆነ ሞልቷል። ሙሉ ቦርሳ ተሸክመሽ፣ ያንኑ ሹራብና ጓንት ለብሰሽ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጪ። የገዛሽው ልብስ ትከሻው ላይ ያፈስ እንደሆነ፣ ላብ ያጨቀይ እንደሆነ እዚያው ታያለሽ። ጅሬን ላይ ስትደርሺ ጓንትሽን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አጥልቂውና የጫማሽን ማሰሪያ ፍቺ፣ እሰሪ። የቦርሳሽን ዚፕ ክፈቺ፣ ፔርሙዙን ክፈቺ፣ ሻይ ቅጂ። መጀመሪያ ላይ ትሳደቢያለሽ። ዚፑ ላይ ክር እሰሪበት፣ ይቀልልሻል። ኮምፓስም ከተገኘ ጉም በወረደበት ማለዳ ይዘሽው ሂጂ።

እማዬን በተመለከተ፣ «ምንም የለውም» አትበያት፤ አታምንሽም። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት አበርዲን ላለ አንድ ሰው ጽፈሽ ትተዪያለሽ። እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፖሊስ ጥራ ብለሽ። ለእማዬ የምትነግሪው ሰዓት ግን ከዚያ ሁለት ሰዓት የዘገየ ይሁን፤ መኪና ውስጥ ተኝተሽ ሳትደውዪ ብትቀሪ ጎረቤቱን ሁሉ ትቀሰቅሳለች። በእነሱ የብርድ ወቅት ሰዓታቸው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ጅማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቁጠሪላት።